ለመርማሪው ተብሎ የታጠበው ግድግዳ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ለቡ መብራት ኃይል ባለው ቤታችን የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ ቤቱን የሠራልን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ፣ የጓሮዋን ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ጸጉር ሠሪ፣ እና ሻጋታ ሊመረምር የመጣው ባለሙያ። ሻጋታውም ነበር። እሱን ግን ባለሙያው እንዳያገኘው በክብር ሸፍነነው ነበር።

ባለሙያው ለምን እንደተጠራ ልንገራችሁ። ልጄ ቀን ቀን ደህና ትውላለች። አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ግን ደረቷ ማፏጨት ይጀምራል፤ ከዚያ ሳሉ ይከተላል። ለፋሲካ ነፋስ ስልክ እህቴ ዘንድ ወስጄ ሳስተኛት ሳሉ ጠፋ። ወደ ቤት ስንመለስ እሱም ተመለሰ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ለመደመር ግን አንደኛ ክፍልም ይበቃል።

መፍራት ልማዴ መሆኑን አልክድም። የተቀቀለ እንቁላል እንኳ ሰንጥቄ ሳላሸት ለልጄ አልሰጥም። ባለቤቴ “አንቺ እኮ ውኃም አኝከሽ ነው የምትውጪ” ይለኛል። ስለዚህ ከልጄ ቁም ሳጥን ጀርባ ግድግዳው መጥቆሩን ባሳየሁ ጊዜ ማንም አልደነገጠም። እኔ ያየሁት ነገር ሁሉ በቤታችን ግማሹ ተቀንሶ ነው የሚሰማው።

የልጄ ሐኪም ግን አልቀነሰም። “የምትተኛበት ክፍል እርጥበት አለው?” ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ጥቁሩ ግድግዳ ነገርኩት። “ሻጋታ ነው። ትንፋሿን የሚይዛት እሱ ሊሆን ይችላል። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ይታወቅና ይደርቅ። ምንጩ ካልደረቀ መድኃኒት ብቻውን አያድናትም” አለኝ።

ይህንን ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። አማቴ “ብርድ ነው፤ ሻጋታ ዳቦ ላይ ነው የሚወጣ” አሉ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ለምሳ መጥቶ ነበርና በሥራው የመጣበትን ነገር በትዕግሥት አስረዳኝ። ከተዳርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ እሱ ግን እስካሁን ሙሽሪት ነው የሚለኝ።

“ሙሽሪት፣ ግድግዳ ያልበዋል። አዲስ ቤት ሁሉ ላብ አለው።”

“ጋሼ፣ ቤቱ እኮ አዲስ የነበረው ልጄ ሳትወለድ ነው።”

“ጥሩ ቤት ቶሎ አያረጅም” አለና ወጡን ጠቅሶ ጎረሰ።

ልጄን ወደ እኛ ክፍል ወሰድኳት፤ ባለቤቴም ወደ ሶፋው ተሰደደ። ክፍሎቹ ግን በአንድ ኮሪደር የሚገናኙ ናቸው፤ ክፉ አየር ደግሞ በር አያንኳኳም። ሳሉ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። በመጨረሻ የሰፈር እናቶች ባለሙያ እንዳለ ነገሩኝ። ቤት ለቤት እየዞረ በመሣሪያ አየሩንና ግድግዳውን የሚመረምር፣ የውጭ አገር ሰዎች የሚከራዩዋቸውን ቤቶች የሚያይ ሰው ነው። ባለቤቴ ሲሰማ ሳቀ።

“ሻጋታ ለማየት ሰው ይከፈለዋል? ዳቦ ቤት ሂጂ፣ በነፃ ያሳዩሻል።”

“ሳሏን ግን በነፃ አያቆሙልኝም” አልኩት። እሱም እንዲህ አለ፤ ቃሉ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። “እሺ ይምጣ። አለ ካለ ግድግዳውን አስፈርሳለሁ። የለም ካለ ግን ይህ ወሬ በዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳ። ወንድሜን በሠራው ቤት አላሳፍረውም።”

እንግዲህ የልጄ ትንፋሽ በዚያ ሰው አፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ባለሙያው በስልክ ሦስት ነገር አስጠነቀቀኝ። ከመምጣቱ በፊት ባለው ቀን በርና መስኮት ተዘግቶ ይዋል። ግድግዳው አይነካ። ምንም ነገር እንዳይጸዳ። ይህንን ለቤተሰቡ ስነግር አማቴ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው።

“ምንም እንዳይጸዳ?”

“አዎ፣ እማዬ። እንዳለ ነው ማየት የሚፈልገው።”

“የተማረ ሰው ነው ብለሽኝ አልነበረም?”

“የተማረ ነው።”

“እና የተማረ ሰው ቆሻሻ ሊያይ ይመጣል?” አሉና ቤቱን ዞረው አዩት። “እሺ” አሉ።

የአማቴን እሺ የማያውቅ ሰው ተስማሙ ይላል። አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው እንግዳ የሚመጣ ከሆነ የማይታጠብ ነገር ሰማይ ብቻ ነው። እሺ ሲሉ “ሰምቻለሁ” ማለታቸው ነው፤ “እንዳልሽው አደርጋለሁ” ማለታቸው አይደለም። ከእሳቸው ጋር ስንት ዓመት ኖሬ እኔም ይህንን ረሳሁ።

ዓርብ ዕለት ልጄን ለክትትል ወደ ሐኪም ወሰድኳት። ወረፋው እስከ ከሰዓት በኋላ አቆየን። ስንመለስ የሰፈሩ መግቢያ ላይ ሳለን የቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ የጎረቤት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል። የልጄ አልጋና ቁም ሳጥን ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ክፍሉ ውስጥ አማቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በረኪናው ጣታቸውን አጨማዶት፣ ፊታቸው እንደ ድግስ ቀን በርቶ ቆመዋል። የባለቤቴ ወንድም መሰላል ላይ ሆኖ የመጨረሻዋን ጥግ ይቀባል።

ያ ጥቁር ግድግዳ የለም። እንደ ሠርግ ድንኳን ነጭ ሆኗል።

“እማዬ፣ ምን አደረጋችሁ?” አልኩ።

“ምን እናድርግ? ዓይን አለን እኮ። ያንን የመሰለ ግድግዳ ለባዕድ ሰው ላሳይ? ‘በዚህ ቤት ሴት የለችም ወይ’ ይለኝ?”

“ሰውየው እኮ የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው።”

“ያየዋል። ንጹሑን ያያል።”

የባለቤቴ ወንድም ከመሰላሉ ላይ፣ “ሙሽሪት፣ ቀለሙ ከእኔ ስጦታ ነው፤ አመሰግናለሁ አይባልም?” አለ።

ይህ ስህተት እኛ ቤት ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። እኛ ሐኪም ጋ ስንሄድ ገላችንን ታጥበን፣ የክት ልብሳችንን ለብሰን፣ ከንፈራችንን ቅባት ቀብተን ነው። “ምን ሆንሽ?” ሲሉን “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ብለን ነው የምንጀምረው። ግድግዳችንም የእኛው ግድግዳ ነውና ለሐኪሙ ታጥቦና ለብሶ ጠበቀው።

ወዲያው ወደ ባለሙያው ደወልኩ። “ሌላ ቀን እናድርገው፤ አሁን ብመጣ ምርመራው እውነቱን አያሳይም” አለኝ። ከሥራ የገባው ባለቤቴ ሰማና “ቤቱ ተዘጋጅቶ? ነገ ካልመጣ አይምጣ” አለ። አይምጣ ማለቱ ለዘላለም እንደሆነ ገባኝ። ሰውየውን ለመንኩት። “እሺ፣ ከመጣሁ ያለውን አያለሁ” አለ።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። መኪናውን አቁሞ እዚያው መንገድ ላይ ከራስ እስከ እግር ነጭ ቱታ ለበሰ፤ ጭምብል አደረገ፤ ጓንት አጠለቀ። ጎረቤት በየበሩ ወጣ። የኮሮና ዘመን ተመልሶ ለእኛ ቤት ብቻ የታዘዘ ይመስል ነበር። አማቴ በር ላይ ጠብቀው፣ “ዶክተር፣ ቤት ለእንቦሳ፤ ግባ ልጄ” ሲሉት እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማው ላይ የላስቲክ ሽፋን አጠለቀ። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ።

“ቤታችን ቆሽሾ ነው እግርህን የምትሸፍን?”

“አይደለም፣ እማማ። ከውጭ ቆሻሻ ይዤ እንዳልገባ ነው።”

ይህ ትንሽ አበረዳቸው። የጭምብሉ ነገር ግን አልበረደላቸውም። በረኪና ሲያሹ የዋሉት ለሰውየው አፍንጫ ነበር፤ ሰውየው አፍንጫውን ሸፍኖ ገባ። ጨጨብሳ አቀረቡለት። “ጭምብሉን ማውለቅ አልችልም” አለ። “የማይበላ ሰው ምን ሊያይ ይችላል?” ብለው ሳህኑን ለባለቤቴ ወንድም ሰጡት። እሱ በላና ማየቱን ቀጠለ።

ባለሙያው ሦስት እግር ያላት ማሽን ልጄ ክፍል መሐል አቁሞ አየር ማስሳብ ጀመረ። እንዳንራመድ፣ እንዳናወራ ነገረን። ሁላችንም በር ላይ ተደርድረን ቆምን። ማሽኗ ታጉረመርማለች። የባለቤቴ ወንድም ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቻለም።

“ወንድም፣ እስካሁን ስንት ኪሎ አየር ሳበች?”

ባለሙያው በዓይኑ ብቻ ሳቀ። ከዚያ ማሽኗን ወደ ግቢ አወጣና የውጭውንም አየር ሳበ፤ የውስጡ ከውጭው ጋር ነው የሚመዛዘነው አለን። “እሱን እንኳ ከመንግሥት አስፈቅድ፤ ውጭ ያለው የእኛ አይደለም” አለው የባለቤቴ ወንድም። ልጄ በሳቅ ፈረሰች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። ማንም ሌላ አልሳቀም።

ባለሙያው ተመልሶ ግድግዳውን በጓንቱ ነካ። ጣቱ ነጣ።

“መቼ ነው የተቀባው?”

ሁላችንም ጣሪያውን አየን።

“በቅርቡ ነው” አለ የባለቤቴ ወንድም።

“ትናንት?”

“ትናንትም ቅርብ ነው።”

ባለሙያው ሁለት መርፌ ያላትን ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ተከለ። ጮኸች። የባለቤቴ ወንድም ግን እጁን እያወዛወዘ “ቀለሙ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ቀለም ላይ መርፌ ተክለህ እርጥብ ነው ልትለኝ ነው?” አለው። ባለሙያው “እውነቱን ነው፤ ከዚህ ግድግዳ ላይ ምንም ማለት አልችልም” አለ። የወንድምየው ደረት በአንድ ጣት ከፍ አለ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ። አለቀ ማለቱ ነው። የልጄ ነገር እንዲህ ቆሜ እያየሁት ሊዘጋ ነበር።

ባለሙያው ዕቃውን ሊሰበስብ ጎንበስ ካለ በኋላ እንደገና ቀና አለ።

“ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምን አለ?”

“ምንም የለም” አሉ አማቴ።

“እኔ አለሁ” የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ።

ተከራይዋ ነበረች። ቅዳሜ ሥራ የሚበዛባት ቀን ስለሆነ ወደ ጸጉር ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን አንግታ፣ የባለሙያውን አለባበስ አይታ ቆማ የቀረች ናት። ሁለት ዓመት ያህል ከእኛ ጋር ኖራለች። ከደቡብ የመጣች፣ ጴንጤ፣ ልብስ ስታጥብ መዝሙር የማይለያት ሴት ናት። የልጄን ሹሩባ የምትሠራው እሷ ነበረች። የእሷ ክፍልና የልጄ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ ግድግዳቸው አንድ ነው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ግን አላሰበውም፤ እንግዳ ወደዚያ አይገባማ።

ባለሙያው “ማየት እችላለሁ?” አላት።

“ማየት ነፃ ነው” አለች።

ሁላችንም ተከትለን ወደ ጓሮ ሄድን። አልጋዋን ከግድግዳው አርቃ መሐል ክፍሉ ላይ ነው ያቆመችው። ግድግዳው ላይ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ላስቲክ በምስማር ተመትቷል። ምስማሩን በጣቷ ነቀለችና ላስቲኩን ገለጠችው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ደረቴ ድረስ እንደ ከሰል ጆንያ ጠቁሯል። ልስኑ እየተነሳ ረግፏል። ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

“ይኸው፤ እኔን ሳልታጠብ ነው ያገኛችሁኝ” አለች።

አማቴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳቡ። “ልብስ ቤት ውስጥ አታስጪ ብዬሽ ነበር።”

“እማማ፣ ግድግዳው ጠቆረ ብዬ ስነግርዎት እኮ ነው እንደዚያ ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውስጥ አስጥቼ አላውቅም።”

ባለሙያው መርፌዎቹን ተከለ። መሣሪያዋ ጮኸች፤ እዚህ ግን ቀለም የለም። ባለሙያው ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ጥቁሩን ጠርጎ በብልቃጥ ከተተ። ማሽኗንም አምጥቶ አየሩን ሳበ። ከዚያ፣ “ከላይ የሚወርድ ውኃ ቢሆን ከላይ ይጠቁር ነበር። ይህ ከመሐል የሚወጣ ነው። ግድግዳው ውስጥ ቧንቧ አለ?” ብሎ ጠየቀ።

ሁላችንም ወደ ባለቤቴ ወንድም ዞርን።

“የለም” አለ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና “ቢኖርም ደረቅ ነው” አለ።

ባለሙያው ተከራይዋን “ሳል አለብሽ?” አላት።

“አለብኝ። የጸጉር ቀለሙ ነው ብዬ ነበር።”

“ሐኪም ይይሽ” አላት። እሷም እሺ ብላ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት በባለቤቴ ስልክ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ለቡ መብራት ኃይል የሚኖር ሻጋታ በምን ምክንያት በእንግሊዝኛ እንደሚከሰስ ባለሙያውን መጠየቅ ነበረብኝ። እንዲተረጉምልን የተጠራው ማን ነው ብትሉ፣ የባለቤቴ ወንድም ነው። ተከሳሹ አስተርጓሚ ሆነ ማለት ነው። መነጽሩን አድርጎ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

“የልጅቷ ክፍል ከውጭው አየር ጋር እኩል። ንጹሕ ማለት ነው። የጓሮው ክፍል ከፍተኛ።” ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “በቃ። ምንጩ ጓሮ ነው። ሻጋታውን ያመጣችው ተከራይዋ ናት።”

“መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ዋለ እኮ፤ ከውጭው እኩል ቢሆን ምን ይገርማል?” አልኩ። ባለሙያው ጋ ደውዬ ድምፁን ለሁሉም አሰማሁ። እሱም አልሸሸም። “የልጅቷ ክፍል ንጹሕ የመሰለው ስለታጠበ፣ ስለተቀባና ስለተናፈሰ ነው። ሻጋታ ሰው አምጥቶት አይደለም፤ ውኃ ባለበት ይበቅላል። ግድግዳው ተከፍቶ ቧንቧው ይታይ” አለ።

ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቴ ወንድሙን አየው። ወንድምየው ቧንቧ የለም አለ። ባለቤቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ “ጋሼ የለም ካለ የለም። እኔ ያልኩት በልጄ ክፍል አለ ካለ ነው። አለ የተባለው ጓሮ ነው” አለ። ለቃሉ የታመነ ሰው ነው፤ ቃሉን እየከረከመ ይታመንለታል። ስለዚህ ግድግዳው ሳይሆን ተከራይዋ ትነሳ ተባለ። እኔ ጮህኩ፤ አለቀስኩ፤ በቤታችን እንደተለመደው ግማሹ ተቀነሰ።

ነገሩን የነገሯት አማቴ ናቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ቆማ ሰማቻቸው፤ ልብስ የምታጥብበትን አረፋ ከክንዷ ጠረገች።

“እማማ፣ ሻጋታውን ይዤው ልሂድ ወይስ ትቼላችሁ ልሂድ?”

አማቴ በእጃቸው ወደ ክፍሏ ጠቆሙ። “ፍራሹን እንኳ ይዘሽ ሂጂ” አሉ።

“እሱማ የኔው ነው።”

ዕቃዋን በጭነት መኪና ስትጭን እጇን ይዤ፣ ባሌን ላሳምነው፣ ትንሽ ቆዪ አልኳት። “እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ ከባልሽ አትጣዪ። ልጅሽን ብቻ ከዚያ ግድግዳ አርቂያት” አለችኝ። ፍራሹ ከታች በኩል ጠቁሮ ነበር። ሾፌሩ ሲያነሳው ፊቱን አዞረ። ቤተ ክርስቲያኗ ያለች አንዲት እህት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ማረፊያ እንዳገኘችላት ነገረችኝ። እያሳለች ነው የሄደችው።

ክረምት ገባ። የስጦታው ቀለም ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ቡጉር፣ ከዚያ እንደ ቂጣ ሆነ፤ በመጨረሻ ተሰነጠቀና ከውስጡ የድሮ ወዳጃችን ጥቁሩ ብቅ አለ። የባለቤቴ ወንድም መጥቶ አየና “ቀለሙ አንደኛ ደረጃ አይደለም፤ ሻጩ አታሎኛል” አለ።

“ጋሼ፣ ተከራይዋ ሄዳለች። አሁን ደግሞ ማንን እናስወጣ?” አልኩት።

“ሙሽሪት ዘንድሮ አፍ አውጥታለች” አለና ሄደ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጄ ከክረምት ትምህርት መጥታ መጽሐፏን ልታወጣ ክፍሏ ገባች። ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ ከንፈሯ ተለውጦ፣ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር እየተነሳ ነበር። ያንን ቀን እንዳለ ልጽፈው አልችልም። አማቴ ባልቴት ናቸው፤ ግን ከእኔ ቀድመው አዝለዋት መንገድ ላይ ወጡ። ሆስፒታል አፍንጫዋና አፏ ላይ ጭምብል አድርገው ጭስ የመሰለ መድኃኒት አስሳቧት። አማቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያንን ጭምብል ብቻ ያያሉ። የቤተ ክርስቲያን ስለት አልተሳሉም፤ አላለቀሱም። የልጄ መልክ ተመለሰ፤ ማታ እህቴ ቤት አስተኛናት።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ ከወጥ ቤት ዘነዘናውን አንስተው ባዶዋ የተከራይዋ ክፍል ገቡ። ተከትዬ ሮጥኩ።

“እማዬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?”

“ዛሬ የሚመጣ እንግዳ የለም” አሉና ግድግዳውን መቱት።

የረጠበ ልስን ለዘነዘና አይከብድም፤ እንደ አይብ ነው የወረደው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነውና ትንሽ ቆይቶ ተበሳ። ባለቤቴ ድምፁን ሰምቶ በሸሚዝ ብቻ መጣ። እናቱን አየ፤ ቀዳዳውን አየ። ዘነዘናውን ከእጃቸው ወሰደ። ሊያስቆማቸው ነው ብዬ ልጮህ ስል ራሱ መምታት ጀመረ።

ቧንቧው ነበር። ወደ መታጠቢያ ቤታችን የሚሄድ ነው። መሐሉ ላይ የተቀጠለበት ቦታ ከመኪና ጎማ ውስጥ በተቆረጠ ላስቲክ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል፤ ከላስቲኩ ሥር ውኃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ ስንጨቃጨቅ እሱ ሥራውን አላቋረጠም።

የባለቤቴ ወንድም ተጠርቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ላቡን ጠረገ፤ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ሰውም ያልበዋል።

“ለጊዜው ብዬ ነበር ያሰርኩት” አለ። “መለዋወጫው እስኪገኝ።”

አማቴ አቧራ ጭንቅላታቸው ላይ እንዳለ፣ “ያንተ ለጊዜው እኮ ትምህርት ቤት ገብቶ አንደኛ ክፍል ጨረሰ” አሉት። ከዚያ ወዲህ ለምሳ ሲመጣ ስለ ግንባታ አያወራም፤ ስለ ፖለቲካ ነው የሚያወራ።

ቧንቧው በባለሙያ ተቀየረ። ልስኑ በሁለቱም በኩል እስከ ብሎኬቱ ተፋቀ፤ ግድግዳው ፀሐይ በወጣ ቁጥር እየተናፈሰ ከረመ። ከዚያ ሻጋታ መርማሪውን መልሼ ጠራሁት። አማቴ በሩንም መስኮቱንም ራሳቸው ዘጉ፤ መጥረጊያውን ደብቀው እኔን እንኳ እንዳልጠርግ ከለከሉኝ። መርፌዎቹ አልጮኹም። ባለሙያው ጭምብሉን አውልቆ ጨጨብሳውን በላ፤ አማቴም ያኔ ነው ዶክተርነቱን ያመኑት።

ልጄ አሁን በክፍሏ ትተኛለች። በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሿን የማዳምጥበት ጊዜ አለ። ፉጨቱ የለም።

ባለሙያው ሲወጣ ወደ ጓሮ እያየ፣ “ያቺ ሴትስ? ፍራሹን ጣለችው?” ብሎ ጠየቀኝ። “ይዛው ሄዳለች” አልኩት። “እሱም እንደ ግድግዳው ነው፤ መተኛት የለባትም” አለ። የዚያኑ ቀን ደወልኩላት፤ ስልኳ አይሠራም። በማግስቱም አይሠራም። ድሮ የነበረችበት ጸጉር ቤት ሄጄ ጠየቅኩ፤ ከእኛ ቤት በወጣች ሰሞን ሥራውንም ለቃለች አሉኝ። ብስራተ ገብርኤል ሄጄ ያገኘሁትን ጸጉር ቤት ሁሉ እየገባሁ ከደቡብ የመጣች፣ ጴንጤ፣ ሹሩባ ጎበዝ ብዬ ጠየቅኩ። “እትዬ፣ እሷማ እኔ ነኝ” አለችኝ አንዷ፤ የሌሎቹም መልስ ከዚህ አልራቀም። ተቀምጬ ጸጉሬን ተሠርቼ ተመለስኩ።

ቀይ ዳማ ናት፤ ረዘም ትላለች፤ የግራ እጇ አውራ ጣት ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አላት፤ ሥራ ላይ ሆና ታዜማለች። ምናልባት ዛሬም ታስል ይሆናል። ያየ ወይም ያለችበትን የሚያውቅ ሰው ካለ ቧንቧ እንደነበር ይንገራት፤ ፍራሹንም እንድትጥለው ይንገራት። ለእኔም ደህና መሆኗንና ሳሉ የተዋት እንደሆነ ይንገረኝ።